ልጄን ወለድኩ፤ ፒሲኦኤሱስ የት ሄደ?

የግንፍሌዋ፦

ሰላም እህቶች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

34 ዓመቴ ነው። ግንፍሌ ነው የምኖረው። ሥራዬ ሂሳብ ነው። መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሜክሲኮ ተዛወርን። ድሮ በእግሬ ቁልቁል እወርድ የነበርኩት ሴት አሁን በታክሲ ሰልፍ ቆሜ ነው የምውለው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ዓመት ከአራት ወሯ ነው።

ፒሲኦኤስ (የእንቁላል ማምረቻና የሆርሞን መዛባት ችግር) እንዳለብኝ የተነገረኝ በ27 ዓመቴ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ገና ሃይስኩል እያለሁ የወር አበባዬ በዓመት ሦስቴ ቢበዛ አራቴ ነበር የሚመጣው። እናቴ "ገና ልጅ ነሽ፣ ይስተካከላል" ትላለች። አልስተካከል ሲል ጠበል ወሰደችኝ። ቀጥሎ አገጬ ላይ ፀጉር መጣ፣ ብጉሩ መጣ፣ ክብደቱ መጣ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም ለራሴ ብዬ ሳይሆን "ለምን አልወለደችም" ሲባል። በአልትራሳውንድ አይተው እንቁላል ማምረቻሽ ላይ ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተደርድረዋል አሉኝ። የደም ምርመራውም የወንድ ሆርሞን ከፍ ብሏል አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ክብደት ቀንሺ፣ ሜትፎርሚን (የስኳር ኪኒን) ዋጪ፣ ሌትሮዞል (እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ ኪኒን) ዋጪ፣ በዚህ ቀን ነይና እንይ። እግዚአብሔር ይመስገን ፀነስኩ። ስድስተኛ ወሬ ላይ የስኳር ውሃ አጠጥተው ሲለኩኝ በባዶ ሆዴ 97 ወጣ። እኔ እንኳን ደስ ብሎኝ ነበር፣ መቶ አልሞላማ። ለነፍሰ ጡር ግን 92 ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል አሉኝ። በምግብ ብቻ ተይዞልኝ ልጄ በሰላም ተወለደች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከወለድኩ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያላለኝ የለም። አማቴ ገንፎውን መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤ በበርበሬ ሞልታ ታቀርብልኛለች። ጠዋት አጥሚት በማር፣ ማታ አጥሚት በማር። "ወገብሽ ይጥና" እያለች ቆማ ታስጨርሰኛለች። ፍቅር ነው፣ አልክድም፤ ግን ስኳር ነበረባት የሚለውን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። ሐኪሜም ጭምር። "የእርግዝና ስኳር ከእንግዴ ልጁ ጋር ይወጣል፣ ሜትፎርሚኑንም ተይው፣ የፈለግሽውን አግኝተሻል" ብሎ ሸኘኝ። ልጄን ለክትባት ስወስዳት እሷ ትመዘናለች፣ ቁመቷ ይለካል፣ የጭንቅላቷ ዙሪያ ይለካል። እኔን የለካኝ የለም።

ማጥባቱን መቀነስ ስጀምር የወር አበባዬ ሁለቴ መጣ። "ይኸው ወልዳ ተስተካከለች" ተባለ። ከዚያ ጠፋ። ይኸው ከአራት ወር በላይ ሆኖታል። ቦርጩ እንዳለ ነው፤ ክንዴና እግሬ ቀጭን ሆኖ ሆዴ ብቻ ይገፋል። አንገቴ ከኋላ በኩል ጠቁሯል፣ ብፋትገው ብፋትገው አይለቅም። ምሳ በልቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ይከደናል። ባለቤቴ ደግሞ "ታንኮራፊያለሽ" ይለኛል። እሱ ራሱ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው ስለሆነ ምስክርነቱን አልተቀበልኩትም።

አንድ ማታ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ስኳር፣ ልብ፣ ጉበት፣ የማህፀን ካንሰር። ዘጋሁት። በእኛ ቋንቋ ስፈልግ ደግሞ ሁሉም "በፍጥነት ለመፀነስ" ነው። እስክትወልጂ ድረስ ታማሚ ነሽ፣ ከወለድሽ በኋላ ማንም አያውቅሽም።

የወለዳችሁ ፒሲኦኤስ ያለባችሁ ሴቶች፣ እናንተ ምን ትመረመራላችሁ? በየስንት ጊዜው? የማህፀን ሐኪም ጋ ነው ወይስ የውስጥ ደዌ? አሁን ልጅ አልፈልግም፤ ልጅ ሳልፈልግ ሄጄ ምን ብዬ ነው ካርድ የማወጣው? ልጄስ፣ ይሄ ነገር ወደ እሷ ይሄዳል?

ሚሚ ለገሃር፦

የኔ ቆንጆ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። እኔም ነበረብኝ። ሁለተኛውን ያለ ምንም መድኃኒት ነው የፀነስኩት፣ ያውም ሳላስብ። የወር አበባዬ አሁን እንደ ሰዓት ነው። ከወለዱ በኋላ ይጠፋል ይባላል፣ እኔ ላይ እውነት ሆኗል። ኢንተርኔት ማንበብ ተይ፣ እሱ ነው የሚያሳምምሽ።

አዋላጅዋ፦

ሰላም የግንፍሌዋ። ከተማ መሀል ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ሐኪምሽን ግን አይተካም።

መጀመሪያ ለሚሚ። እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። ያልሽው የወር አበባ መስተካከል እውነት ነው፤ ብዙ ሴቶች ከወለዱ በኋላ፣ በተለይ ወደ 40 ሲጠጉ ዑደታቸው ይስተካከላል። ነገር ግን ፒሲኦኤስ እንቁላል ማምረቻ ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፒሲኦኤስ ያለባቸው የብዙዎቹ ሴቶች ሰውነት ኢንሱሊንን (ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን) በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ እንቁላል ማምረቻውን የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል። መውለድ ይህንን አይለውጠውም። የወር አበባሽ ተስተካክሎ ስኳርሽ ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል። አንቺም ብትለኪ አትጎጂም።

የግንፍሌዋ፣ ያንቺ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገር ተደርቧል። አንዱ ፒሲኦኤሱ ነው። ሁለተኛው የእርግዝና ስኳሩ ነው፤ እኔ አጥብቄ የምይዘው ይሄንን ነው። የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ይወርዳል፣ ሐኪምሽ እዚያ ላይ አልተሳሳተም። ግን የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ኋላ ላይ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እንደገና 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ መለካት ያለባት። የልጅሽ የ6 ሳምንት ክትባት እዚያው መሀል ነው የሚውለው። እኔ እናቶችን ያን ቀን ነው የምይዛቸው፣ ከዚያ በኋላ ማን ያገኛቸዋል! አንቺ አልፎሻል፤ ግን ዛሬም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ደህና ቢሆንም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ይደገማል። ፒሲኦኤስ ብቻ ላለባትም፣ የእርግዝና ስኳር ሳይነካት እንኳን፣ በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ስኳር ትታይ ይላል።

አለካኩን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም "ተለካሁ" ብለው በጣታቸው ጠብታ ብቻ አይተው የሚመለሱ አሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሺ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ድረሺ። በባዶ ሆድሽ ደም ይወስዳሉ። ከዚያ ግሉኮሱን ትጠጫለሽ፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጫለሽ፣ ደግመው ይወስዳሉ። ግሉኮሱን ከፋርማሲ ገዝተሽ ነይ ሊሉሽ ይችላሉ፣ አስቀድመሽ ጠይቂ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 በታች ደህና፣ እስከ 199 ቅድመ ስኳር፣ 200 ስኳር ነው። ስኳር ነሽ ለማለት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቀን ይደገማል። ፒሲኦኤስ ላይ በባዶ ሆድ ደህና ሆኖ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከፍ የሚለው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓቱ ጥበቃ አያሰልችሽ። የሦስት ወር የሚባለው የስኳር ምርመራም አለ፤ ገና የወለደች ሴት ወይም ደም ማነስ ያለባት ላይ ግን ሊያሳስት ይችላል።

በዚያው ቀን ግፊትሽን ተለኪ። እሱ በየዓመቱ ነው፣ ጤና ጣቢያ ገብተሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮሌስትሮል አንዴ ይታይ። በእርግዝና ጊዜ ግፊት የነበረባት ሴት ካለች ይህን በተለይ ትያዝ፣ ኋላ ላይ ለልብና ለደም ሥር ሕመም የተጋለጠች ነች።

የማህፀን የውስጥ ሽፋን ጉዳይ። ሰዎች የሚፈሩት እሱን ነው፣ እና በቅጡ ሲገባ ፍርሃቱ ይቀንሳል። እንቁላል በማይወጣበት ወር ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ብቻውን ሽፋኑን ያወፍራል። እንቁላል ሲወጣ የሚመጣው ሌላው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ስለሌለ "በቃ" የሚለው የለም፣ ሽፋኑም አይወርድም። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሴሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት የማህፀን ሽፋን ካንሰር ዕድሏ ከሌላዋ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ነው። ግን መነሻው ትንሽ ስለሆነ የሚይዛቸው ሴቶች አሁንም ጥቂት ናቸው። መከላከያውም ቀላል ነው። የወር አበባ ከ90 ቀን በላይ ሳይመጣ ከቀረ ሐኪም የሚዋጥ ፕሮጄስትሮን ሰጥቶ ሽፋኑን ያወርደዋል። ወይም ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ ይሰጣል፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕም ሽፋኑን ቀጭን ያደርገዋል። ለካንሰሩ በየዓመቱ ምርመራ ማድረግ አያስፈልግም። ነገር ግን ካለ ጊዜው የሚመጣ ደም፣ በጣም የሚረዝም ደም፣ እሱ አያድርም፣ ሂጂ።

አንቺ ከአራት ወር በላይ ብለሻል። እያጠባሽ ከሆነ መዘግየቱ የወተት ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ይሁንና ከሁሉ በፊት የሽንት እርግዝና ምርመራ አድርጊ። ምን ያህል ሴት "እኔ እኮ ያለ መድኃኒት አልፀንስም" ብላ አምስተኛ ወሯ ላይ እንደምትመጣ ብታይ! እንቁላል ከወር አበባ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ሚሚም እዚህ ምስክር ነች።

ለካርድ ማውጫው "ፒሲኦኤስ አለብኝ፣ የእርግዝና ስኳር ነበረብኝ፣ ክትትል ፈልጌ ነው" በይ። በቂ ነው። ለወር አበባው የማህፀን ሐኪም፣ ለስኳርና ግፊቱ የውስጥ ደዌ። የአንገትሽ ጥቁረት እድፍ አይደለም፣ አትፋትጊው፤ ኢንሱሊን ሲበዛ የሚመጣ ነው። ማንኮራፋቱንም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ላይ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ይበዛል። ባልሽ ቢያንኮራፋም ምስክርነቱ ይያዝለት።

ጤና በሻይ፦

እህቶች ፒሲኦኤስን ከሥሩ የሚነቅል ከቀረፋ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከሌሎች ቅጠሎች የተዘጋጀ ሻይ አለን። በ40 ቀን ውጤት። ቴሌግራም ግቡ።

አዋላጅዋ፦

ቀረፋውን ሻይሽ ውስጥ ጨምሪ፣ ይጣፍጣል። ከሥሩ የሚነቅል ነገር ግን የለም። ስሙ ያልተጻፈ ቅጠል ለምታጠባ ሴት አትሽጡ።

እትዬ ከጊዮርጊስ በላይ፦

ልጆቼ፣ እኔ 51 ዓመቴ ነው። እዚህ ቦታ ከሁላችሁም ትልቅ ሳልሆን አልቀርም። በእኔ ጊዜ ፒሲኦኤስ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። "ሆርሞንሽ ተዛብቷል" ነበር የሚሉን። በስንት መከራ አንድ ወንድ ልጅ ወለድኩ። አራት ኪሎ አልፎ ነው የወጣው። ትልቅ ልጅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ተደሰተ። አሁን ሲነግሩኝ ነው ትልቅ ልጅ የስኳር ምልክት ሊሆን እንደሚችል የገባኝ። ያኔ የለካኝ አልነበረም።

በ43 ዓመቴ ውሃ ጥሙ ጀመረኝ። ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ፣ ጠዋት ደክሞኝ እነቃለሁ። ቤታችን ሊፈርስ ነው እየተባለ ስለነበር ጭንቀት ነው አልኩ። አይ፣ የፒያሳው ፈረሳ የኋላ ነው፣ ያኔ ወሬ ብቻ ነበር። ዓይኔ ብዥ ሲልብኝ መነጽር ልገዛ ሄድኩ። መነጽር የሚለካው ልጅ ነው "እማዬ፣ ስኳር ተለክተው ያውቃሉ?" ያለኝ። ያን ልጅ እግዜር ይባርከው። ስለካ 280 ነበር።

አሁን በሜትፎርሚንና በምግብ ይዤዋለሁ። ዓይኔን በየዓመቱ እታያለሁ። ስለ ምግብ የሆነ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሐኪሞቹ "ካርቦሃይድሬት ቀንሺ" ይሉና ይሸኙሻል። የእኛ ቤት ሰው እንጀራ ቀንሺ ሲሉት እንደተሰደበ ነው የሚያየው። እኔ እንጀራ አልተውኩም። ሁለት የነበረውን አንድ አደረግኩ፤ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን አበዛሁ። የማይታየን ሌላው ነው፤ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በመክሰስ ዳቦ፣ ሰው ቤት ስትሄጂ ለስላሳ። ጁስ ቤት ገብተሽ ስፕሪስ ጤና ነው ብለሽ ትጠጫለሽ፣ ላዩ ላይ ስኳር ጨምረውበታል። ጾሙም እንደዚያው ነው። የጾም ምግብ ነው ብሎ ፓስታ በዳቦ የሚበላ ስንት አለ። በየአይነቱ ስታዘዢ ድንቹን ቀንሰው ጎመንና ምስር ይጨምሩልሽ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ሩጫ አልችልም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በቸርችል ጎዳና ወርጄ፣ በለገሃር አድርጌ መስቀል አደባባይ እሄዳለሁ። እዚያ ደረጃው ላይ ወጣቱ ይወጣል ይወርዳል፤ እኔ ከታች ያለውን ጥቂት እወጣና እቀመጣለሁ። ስመለስ ዳገት ስለሆነ በታክሲ ነው፣ አልዋሽም። ሐኪሜ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃሻል ብሎኛል።

አንቺ የግንፍሌዋ፣ አማትሽን አትቀየሚ። ገንፎውን አትከልክያት፣ ማሩን ብቻ ቀንሺባት። ለእሷም ስኳሯን አስለኪያት፤ እንደዚህ ያለች ሴት ምክር ከመስማት አብራሽ ብትመረመር ይገባታል።

ሜክሲኮ ፋርማሲ፦

ፋርማሲስት ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ስለገባሁ። ሚስቴም ፒሲኦኤስ ስላለባት ነው የማነበው።

ሜትፎርሚን ላይ ብቻ ልናገር። ብዙ ሴቶች "የመፀነሻ መድኃኒት" ነው ብለው ያስባሉ። ልጅ ከመጣ በኋላ ይቆማል ብለውም ያስባሉ። የሚሠራው ግን ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲታዘዝ መርዳት ነው። ከወሊድ በኋላ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው በስኳሩ ውጤት የሚወሰን ነው፤ ለሁሉም አንድ መልስ የለውም። ጡት ወተት ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ይታዘዛል። ሆድ የሚያበላሽባችሁ ከሆነ በ500 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ ብሎ መጨመርና ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። ለዓመታት ስትወስዱት ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ እጅና እግር ከደነዘዘ አስለኩት። በተለይ ጾም የምታበዙ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማትቀምሱ፣ ቢ12 ከእነሱ ነውና የሚገኘው።

ሌላ ነገር። ያለ ሐኪም ፋርማሲ ገብቶ "የፔሬድ ኪኒን" የሚጠይቅ አለ። ሁለት ሆርሞን የያዘው የወሊድ መከላከያ እንክብል ለፒሲኦኤስ ጥሩ ነው። ግን ግፊት ላለባት፣ ለምታጨስና ዕድሜዋ ከ35 በላይ ለሆነች፣ ብርሃን ብልጭ ብልጭ እያለ ለሚመጣ ራስ ምታት አይሰጥም። ለአራስም እንደዚያው፤ የደም መርጋት አለ፣ ወተቱም ሊቀንስ ይችላል። ግፊታችሁን ሳትለኩ አትግዙ። ከነማም ሆነ ቀይ መስቀል ዋጋው ቀለል ይላል፣ ግን ማዘዣውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሚሚ ለገሃር፦

እሺ፣ አስፈራርታችሁኛል። ሰኞ ልለካ ነው።

የግንፍሌዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ በተለይ እርስዎን። የመነጽር ቤቱን ታሪክ ለአማቴ አነበብኩላት፣ ዝም አለች። ማሩ በማግስቱ ቀነሰ።

ሄድኩ። ካርድ ማውጫው ላይ ያለችው ልጅ "ልጅ ፈልገሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አዋላጅዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት፣ ጻፈችው። ሐኪሟ ወጣት ነች፣ ጊዜ ሰጠችኝ። እርግዝና የለም። በአልትራሳውንድ ሽፋኑ ወፈር ብሏል አለችኝ፤ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ግን ይውረድ ብላ ለአሥር ቀን የሚዋጥ ፕሮጄስትሮን ጻፈችልኝ። ከጨረስኩ በኋላ መጣ፣ በደንብ መጣ። ግፊቴ ደህና ነው። ስኳሬ በባዶ ሆድ 104፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 158። ማለትም ቅድመ ስኳር ላይ ነኝ። ውጤቱን ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ አለቀስኩ። ስጨርስ ግን ቀለል አለኝ፤ ቢያንስ የቱ ጋ እንዳለሁ አውቄያለሁ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ብመጣ 158ቱ የት ይደርስ ነበር?

ሜትፎርሚን እንደገና ጀምሬያለሁ። የስኳሩን ክትትል የውስጥ ደዌ ጋ ላከችኝ። ስለ ልጄ ስጠይቃት እናት ወይም እህት ካለባት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ግን እርግጥ ነው ማለት አይደለም አለችኝ። አሁን ሕፃን ላይ የሚመረመር ነገር የለም። አድጋ የወር አበባ ስትጀምር የመጀመሪያው ዓመት መዛባቱ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ በአልትራሳውንድ ብቻ አይቶ ፒሲኦኤስ ማለት አይቻልም፣ የጉርምስና እንቁላል ማምረቻ እንደዚያ ሊመስል ይችላል። እስከዚያ ጣፋጭ አታለማምጃት አለችኝ። ይሄ ለፒሲኦኤስም ላልሆነውም ይሠራል መሰለኝ።

ያልጠበቅኩትን ነገር ደግሞ ጠየቀችኝ። "ስሜትሽስ?" አለችኝ። ድብርትና ጭንቀት ፒሲኦኤስ ያለባቸው ላይ ስለሚበዛ ሁሉንም እጠይቃለሁ አለች። እኔ "ደህና ነኝ" ብዬ ልመልስ ነበር። ከዚያ ምሽት ምሽት ልጄ ስትተኛ ቁጭ ብዬ ግድግዳ እንደማይ፣ የድሮ ጓደኞቼን ስልክ እንደማላነሳ ነገርኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰፋ አድርገን እናወራለን ተባብለናል። ይህን እዚህ የምጽፈው፣ ሌላዋም ካለች ስትጠየቅ "ደህና ነኝ" እንዳትል ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሁለተኛ ልጅ ስናስብ ምን ማድረግ አለብኝ? አሁን አይደለም፣ ምናልባት ከዓመት በኋላ።

አዋላጅዋ፦

ውጤትሽን ይዘሽ መቀመጥሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ወረቀቱን አትጣይው፤ ፎቶም አንሺው።

ለሁለተኛው፣ ሳትፀንሺ በፊት ስኳርሽ ይለካ። ከፍ ብሎ ብትፀንሺ የሚጎዳው ፅንሱ ገና ሲፈጠር ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አንቺ እርጉዝ መሆንሽን እንኳን ሳታውቂ። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስሽ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሪ። የሚበልጥ መጠን ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪሟ ትነግርሻለች። ስትፀንሺ 24ኛውን ሳምንት አትጠብቂ፣ ገና ለመጀመሪያ ክትትል ስትሄጂ "ባለፈው የእርግዝና ስኳር ነበረብኝ" በይ፣ ቀድመው ይለኩሻል። እስከዚያው የወሊድ መከላከያ ያዢ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ መርፌው፣ ሉፑ፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ አንዳንዶች ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ለአንቺ እኔ የሚቀበረውን ወይም ሉፑን አስቀድሜ አወራሽ ነበር። ምርጫው ግን ያንቺ ነው።

የግንፍሌዋ፦

እሺ። እትዬ፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ሜትፎርሚኑን እንዴት ነው የሚያደርጉት? እኔ እስከ 9 ሰዓት መቆየት እፈልጋለሁ።

እትዬ ከጊዮርጊስ በላይ፦

ልጄ፣ አንቺ እኮ አሁንም ታጠቢያለሽ። መጀመሪያ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ የሚያጠቡትን ብዙ ጊዜ ያቀሉላቸዋል። እኔ የጠዋቱን ወደ 9 ሰዓት አዙሬ ከምሳዬ ጋር ነው የምወስደው፤ ሐኪሜ ነው እንደዚያ ያደረገልኝ። የአንቺን ሐኪምሽ ይወስንልሽ። በባዶ ሆድሽ ብቻ እንዳትውጪው፣ ቀኑን ሙሉ ሆድሽ ሲገለባበጥ ይውላል።